ባትሪውን ማን ጠጣው

መምህርቷ ወደዚያ ትምህርት ቤት ተመድባ ስትመጣ የሳይንስ ክፍሉ ቁልፍ ከጠፋ ዓመታት አልፈው ነበር። ርዕሰ መምህሩ፣ ቁልፉ ቢገኝም ከውስጥ የሚገኝ ነገር እንደሌለ ነግሮ ሊያስተዋት ሞከረ። እሷ ግን አናጢ ጠርታ በሩን አስነቀለችው። ርዕሰ መምህሩ እውነቱን ነበር። እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ፣ የደረቀ የቀለም ብልቃጥ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የሰው አካል የተሳለበት፣ አይጥ እስከ ወገቡ ድረስ የበላው ወረቀት ብቻ ነው የተገኘው። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ፣ በዚህ ትምህርት ቤት ሳይንስን አጥንቶ የጨረሰው አይጥ ብቻ ነው ብሎ ቀለደ።

እሷም ብትሆን ሳይንስን የተማረችው እንደ ጸሎት በቃሏ ሸምድዳ ነው። ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋምም የሚለውን ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት ታነበንበው ነበር። በገዛ እጇ ግን አንዲት አምፖል እንኳ ሳታበራ ነው የተመረቀችው። መምህር ከሆነች በኋላ አንድ ልጅ ተነስቶ፣ ኃይል የማይጠፋ ከሆነ የእጅ ባትሪዬ ታዲያ ለምን ይሞታል ሲላት የምትመልሰው አጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቃል ማስተማር አስጠላት።

ስለዚህ ዕቃ ለቀማ ጀመረች። ከስልክ ጠጋኙ ሱቅ ጥጉ የተሰነጠቀ የፀሐይ ሰሌዳ አገኘች። ከሞተር ብስክሌት የወጡ ሁለት ባትሪዎች፣ ከተጋጨ መኪና የተፈታ ማራገቢያ፣ አንድ ሬዲዮ፣ ትንንሽ አምፖሎች፣ ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ የተነቀለ ጥቅልል ሽቦ፣ እየለመነችም እየወተወተችም ሰበሰበች። ልጆቹን ወደ ግቢው አውጥታ ሰሌዳውን ፀሐይ ላይ አስቀመጠችና፣ የምነግራችሁን ዝም ብላችሁ አትመኑኝ፣ ለኩና ንገሩኝ አለቻቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ወጥመድ መሰላቸው። እስከዚያ ድረስ መምህር ያለውን አለማመን የሚያስከትለው የጆሮ ቁንጥጫ ነበርና። ቀስ በቀስ ግን ለመዱት። አንዱ መዳፉን ሰሌዳው ጥግ ላይ ሲያሳርፍ መብራቱ ለምን ያን ያህል እንደሚደክም ተከራከሩ። ሌላው፣ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውለው አምፖሉ ሲፈካ አይቶ፣ አባቱ ጣሪያ ላይ ያለውን ሊያጥብ መሰላል ፍለጋ ሄደ።

ከልጆቹ መካከል የልብስ ሰፊዋ ልጅ የተለየች ነበረች። የክፍሉን ሁሉ የደንብ ልብስ የሰፋችው እናቷ ናት። ልጅቷ ቀጭን፣ ጠይም፣ ድምፀ ዝቅተኛ ናት። ግን ሁሉም ሰው ገባን ብሎ ደብተሩን ሊዘጋ ሲል እጇን ሳታወጣ «ቆይ ግን» ትላለች። ጓደኞቿ ስሟን ትተው «ቆይ ግን» ይሏት ጀመር። መምህር ልጅ አያበላልጥም ይባላል እንጂ፣ መምህርቷ በልቧ ከሁሉም አብልጣ የምትወደው እሷን ነበር።

ዝናቡ ሊገባ ሲል አንድ ውድድር አዘጋጀች። ባትሪውን ሞልታ፣ ከዕቃዎቹ መካከል ቶሎ ጠጥቶ የሚጨርሰው የትኛው እንደሆነ አስቀድመው እንዲገምቱ ጠየቀቻቸው። አብዛኞቹ ሬዲዮው ነው አሉ፤ የሚጮኽ ነገር ብዙ ይበላል ብለው። የተቀሩት ማራገቢያው ነው አሉ፤ እሱ ደግሞ ይሮጣላ። ጥቅልሉን ሽቦ የገመተ አልነበረም። ምን ይሠራል? አይጮኽ፣ አይንቀሳቀስ።

አንድ በአንድ ሞከሯቸው። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ ዋለ። ማራገቢያውም እስከ ከሰዓት በኋላ ዞረ። ሽቦውን ሲያስሩት ግን ድምፅ ሳያሰማ ቀላ፣ ሞቀ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ሳያልቅም ባትሪው ተሟጠጠ። ልጆቹ ሳቁ። የሾፌሩ ልጅ፣ ክፍሉን በነገር የሚያስቀው እሱ ነው፣ ሽቦውን «ዝምተኛው ሌባ» ብሎ ሰየመው። መምህርቷ፣ ሙቀት የሚሰጥ ነገር ሁሉ ከሚያበራውና ከሚጮኸው ይበልጥ ጠጪ እንደሆነ ራሳቸው እስኪደርሱበት ጠበቀች። ደረሱበት። ካዩት መካከል ያልሳቀችው የሰፊዋ ልጅ ብቻ ነበረች። ሽቦው ከቀዘቀዘ በኋላም ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም።

ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ ወደ ኋላ ቀረች። በጤና ጣቢያው ያለው ዓይነት ትልቅ ባትሪ፣ አንድ የኦክስጅን ማሽንና አንድ መብራት ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቅ እንደሆነ ጠየቀች። መምህርቷ እንደማታውቅ ነገረቻት። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና፣ ደመና ከርሞ ባትሪው በደንብ ሳይሞላ ቢቀርስ አለች።

መምህርቷ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ስንት ዓመት ስትጠብቀው የነበረ ጥያቄ፣ ከመጽሐፍ ያልተገለበጠ፣ መልሱ ከጎረቤት ያለ ጥያቄ! በነጋታው ለክፍሉ ሁሉ ሥራ አድርጋ ሰጠቻቸው። ለከተማዋ እንግዳ ነበረችና ልጅቷ ከየት ተነስታ እንደምትጠይቅ አላወቀችም።

ጤና ጣቢያው ከትምህርት ቤቱ ብዙ አይርቅም። በክረምት የከተማው መብራት ከጠፋ ሳምንት ይከርማል፤ ለዚህም ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፣ ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ባትሪዎቹ አሉ። አዲሱ ኃላፊ ወጣት ነው፤ የከተማው መብራት ባለበት ቀን፣ በሽተኛም በማይኖርበት ሰዓት፣ እንዲሞክሩ ፈቀደላቸው። ሰሌዳዎቹን ከባትሪው አስለያይተው፣ ማሽኑንና መብራቱን በባትሪው ብቻ ከጠዋት ጀምሮ ሊያሠሩት ተስማሙ።

ልጆቹ ሲሯሯጡ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ ለመምህርቷ ታሪኩን ነገረቻት። ከሁለት ክረምት በፊት ማሽኑ ባለበት ክፍል አንድ ሕፃን ሞቷል። ሳንባው ታሞ ማሽኑ ላይ ነበር። ተረኛው ነርስ ተኝቶ ባትሪው ሲያልቅ አላወቀም፤ ሊነጋጋ ሲል ማሽኑ ቆመ፣ ልጁም አብሮ ቆመ። ነርሱ ተባረረ። አሁን ከተማው መውጫ ላይ ጎማ ይጠግናል። ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሟቹ እኅት ያቻትና ብላ በአገጯ ወደ ሰፊዋ ልጅ ጠቆመች።

መምህርቷ ልጅቷን ከደጅ አውጥታ ነገሩን እንደሰማች ነገረቻትና፣ ይቅር፣ ሌላ ሥራ እንፈልግ አለቻት። ልጅቷ አይሆንም አለች። ማወቅ እፈልጋለሁ አለች። መምህርቷም፣ ማወቅ ማንንም አይጎዳም፣ ምናልባትም ሐዘኗን ያቀልላት ይሆናል ብላ ተወቻት። ይህችን ሐሳቧን በኋላ ደጋግማ ታስታውሳታለች።

የመጀመሪያው ቀን ሙከራ ጀንበር እስክትጠልቅ ቆየ፤ ባትሪው ገና ግማሹ እንኳ አልተነካም። ልጅቷ ግን፣ ያኔ ደመና ነበር አለች። ሰማዩ ለቀናት ጠቁሮ ሲከርም ጠብቀው ደገሙት። አሁንም ማሽኑ ሲተነፍስ ዋለ፣ መሸ፤ ከባትሪው ላይ ያለው የመለኪያ መርፌም እስከ ንጋት የሚያደርስ እንደቀረ አሳየ።

ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ያገኙትን ሲነጋገሩ የሾፌሩ ልጅ ለአንድ ጊዜ ቀልዱን ትቶ ተነሳ።

«እንቅልፍ ባትሪ አይጠጣም» አለ። «ነርሱ ቢተኛም ባይተኛም ማሽኑ እስኪነጋ መሥራት ነበረበት። ስለዚህ ሌላ ነገር ተሰክቶ ነበር።»

ሁሉም ባንድ ላይ ማውራት ጀመረ። ማን ሰካ? ምን ሰካ? መምህርቷ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ ታያቸዋለች፤ ከተማው በሙሉ ያመነውን ነገር ሕፃናት ለክተው ሲያፈርሱት። ከኮራችባቸው ቀናት ሁሉ ያን ቀን ይበልጥ ኮራች። የሰፊዋን ልጅ ፊት ያላየችውም ለዚህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መምህርቷ ስትገባ ልጅቷን ከሁሉም ቀድማ መጥታ ሳይንስ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ምድጃውን ጤና ጣቢያ የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች።

መምህርቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

«ማሙሽ በርዶት ነበር። እግሩ እንደ ድንጋይ ነበር። እማዬ፣ ሂጂና ምድጃውን ከቤት አምጪ አለችኝ። በዝናብ ሮጬ አመጣሁት። እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልዬ።»

መምህርቷ ያገኘችውን ምክንያት ሁሉ ደረደረች። ባትሪው ያኔ አርጅቶ ሊሆን ይችላል አለች። ልጅቷ፣ የተተከለው በዚያው ዓመት እንደሆነ ጠይቃ አረጋግጣለች። ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሰክቶ ይሆናል አለች። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ከማሙሽ በቀር የተኛ በሽተኛ አልነበረም፤ ክፍሉ ያለው ሁለት ሶኬት ነው፤ አንዱ የማሽኑ፣ ሌላው የምድጃው። አታለቅስም ነበር። ሥራዋን ሠርታ መጥታ እንደምታስረዳ ተማሪ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ አንድ በአንድ መለሰች። መምህርቷን ይበልጥ ያስፈራት ይህ ነው።

በመጨረሻ፣ እኔ አስቤበት እስክነግርሽ ለማንም እንዳትናገሪ አለቻት። ተማሪን አትናገሪ ብላ ስታዝ የመጀመሪያዋ ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና ወጣች።

የዚያን ቀን ከሥራ በኋላ መምህርቷ ወደ ከተማው መውጫ ሄደች። የተባረረው ነርስ፣ የዛሬው ጎሚስታ፣ ከአሮጌ ጎማ ክምር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የውስጥ ጎማ ውኃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ጥፍሮቹ ግን እንደ ነርስ ጥፍር አጭር ተቆርጠዋል። ማን እንደሆነች ስትነግረው፣ ልጆቹ ጤና ጣቢያ ሄደው የሠሩትን አስቀድሞ ሰምቷል። በከተማዋ ወሬ እግር አለው።

«ምድጃውን አይተውት ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

ጎማውን ከውኃው አወጣ። አረፋው እስኪቆም ጠበቀ።

«ስትሰካው ቆሜ ነበር» አለ። «ሕፃን በርዶት እናት ምድጃ ስትሰካ ምን ይባላል? እኔም አላውቅም ነበር እኮ። ሰሌዳውን የተከሉት ሰዎች ሪባን ቆርጠው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ፀሐይ አታልቅም ብለውን ሄዱ። ስለ ባትሪው የነገረን የለም።»

ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ሁሉንም ነገራት። ጋደም ማለቱ እውነት ነው። ሁለት ቀን ያለ ተተኪ ሠርቷል፤ በጎን ባለው ክፍል ለአፍታ ብሎ ጋደም አለ። ማሽኑ ሲቆም ያነቃው ዝምታው ነው። ምድጃው መሆኑን የጠረጠረው ከተባረረ በኋላ፣ ነገሩን በጭንቅላቱ ሲያመላልስ ነው። ግን አልተናገረም። ለእናቲቱ አዝኖ ነው ብላ እንዳትገምት አስጠነቀቃት። ግማሹ ለእሷ ነው፣ ግማሹ ለራሱ ነው። ቢናገር፣ አይተህ ለምን ፈቀድክ ይሉት ነበር። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ከሄደች ቆየች፤ በየመንገዱ ጣት ሲቀሰርባት መቋቋም አቅቷት።

«ተይው መምህር» አላት ሲሸኛት። «እኔ ለምጄዋለሁ። የልጁ እናት አትለምደውም።»

መምህርቷ ልትተወው ወስና ነው ወደ ቤቷ የገባችው። ለርዕሰ መምህሩም፣ በወላጆች ቀን ሊታይ የታሰበው የጤና ጣቢያው ሥራ አይደርስም ብላ ዋሸችው። ነገር ግን የሰው ልጅ አንድ ነገር ከለካ በኋላ መልሶ ያልለካ መሆን አይችልም።

ልብስ ሰፊዋ በጎሚስታው ደጅ ባለፈች ቁጥር ሳትረግመው አትሄድም። ቆም ትልና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ተኝተህ ቅር፤ ልጄን እንዳስተኛኸው» ትለዋለች። እሱም አንገቱን ይደፋል። ከተማው ለምዶታል፤ ደንበኞች እንኳ ሥራውን አቋርጦ እስኪረገም በትዕግሥት ይጠብቁታል። በዚያ ሳምንት መጨረሻም እናትና ልጅ ከገበያ ሲመለሱ እናቲቱ እንደ ልማዷ ቆመች። ልጅቷ እጇን ያዘቻትና፣ ተይው እማዬ፣ እሱ አይደለም አለቻት። እናቲቱ ነገሩ አልገባትም። ልጅቷም እቤት እስኪደርሱ አልጠበቀችም፤ ዘምቢሏን መሬት አስቀምጣ፣ መንገዱ መሐል፣ ያወቀችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ያዩ ሰዎች እንደሚሉት እናቲቱ በጥፊ መታቻትና ወዲያው የመታችበትን እጇን በሌላው እጇ ይዛ ቆመች።

በነጋታው ሰፊዋ ትምህርት ቤት መጣች። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች። ሳይንስ ክፍሉ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ምድጃው ነበር፤ ትንሽ፣ ባለ አንድ ጥቅልል፣ እጀታው የተቃጠለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልሠራችበትም። ከልጁ ልብስ ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀምጣው ነበር፤ ልጇን በመጨረሻ ያሞቀላት እሱ ነውና።

«ልጄን ምን አስተማርሽብኝ?» አለች።

መምህርቷ ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት ሴትዮዋ እጇን አነሳች።

«ቃል አልፈልግም። ለእሷ ያሳየሻትን ለእኔም አሳዪኝ።»

መምህርቷ ልጆቹን ሌላ መምህር ጋ ላከቻቸው። የተሞሉትን ሁለት ባትሪዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ አምፖል አሰረች። በሁለተኛው ላይ፣ ከአምፖሉ ሌላ፣ ጥቅልሉን ሽቦ ልታስር ነው። እዚህ ላይ እጇ ዘገየ። ሽቦውን ላላ አድርጋ ብታስረው አይግልም፤ ባትሪውም አይጎዳም፤ ሴትዮዋም ልጇ እንደተሳሳተች አምና ትሄዳለች። የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ጣቶቿ የሚሠሩትን ሴትዮዋ እንዳታይባት ጀርባዋን ሰጠቻት። ከዚያ አጥብቃ አሰረችው።

ሽቦው ቀላ። ሰፊዋ ሳታስበው መዳፏን ወደ ሙቀቱ ዘረጋች፤ ወዲያው እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበችው። ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱት። ሁለቱም አምፖሎች ይበራሉ።

«ቆይ ግን» አለች ሴትዮዋ በድንገት፤ መምህርቷም ልጅቷ ይህን ቃል ከማን እንደወረሰችው ገባት። «እኔ እኮ ልጁ እንቅልፍ ሲወስደው ነቅዬዋለሁ። እስኪነጋ አላቆየሁትም። አሁን ንቀይው።»

መምህርቷ ነቀለችው። ሽቦው ጠቆረ። አምፖሉ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ትንሽ የፈካ መሰለ። ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች። ያው ይበራል አይደል አለች። መምህርቷ ገና እንደሆነ፣ መጠበቅ እንዳለባቸው ነገረቻት። ሴትዮዋ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

ቀኑን ሙሉ ተቀመጠች። ደወል ተደወለ፣ ልጆች ወጡ፣ ገቡ። መምህርቷ ውኃ አቀረበችላት፤ አልነካችውም። አንዳንዴ ትጠይቃለች፤ ጥያቄዎቿም ከክፍሉ ልጆች ሁሉ የበለጡ ነበሩ። ባትሪው ሲያርፍ የተጠጣበትን መልሶ ያገኛል ወይ? አያገኝም፤ ፀሐይ እስክትወጣ። ያኔ ደግሞ ሌሊት ነበር። ምድጃውን ለግማሹ ጊዜ ብቻ ሰክቼው ቢሆንስ? ምናልባት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ከመሸ ጀምሮ ነው የሰካሁት። አዎ። ራሷ ጠይቃ ራሷ እየመለሰች፣ የመውጫ በሩን ሁሉ በገዛ እጇ አንድ በአንድ ዘጋች። መምህርቷ ብዙ ተማሪ አስተምራለች፤ እንዲህ ለክቶ የተማረ አላየችም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሬዲዮው እንኳ ቢሆን ገና በሚለፈልፍበት ሰዓት፣ የሁለተኛው ባትሪ አምፖል ቢጫ ሆነ፣ ቀላ፣ ጠፋ። የመጀመሪያው እንደ ጠዋቱ ይበራል።

ሰፊዋ ሁለቱን አምፖሎች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«እግሩ ሞቆት ነበር» አለች። «ሲተኛ እግሩ ሞቆት ነበር።»

ተነስታ ነጠላዋን አራገፈች። ምድጃውን አልወሰደችም። በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ፣ ልጅቷን የላከቻት እሷ እንደሆነች፣ ልጅ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው ብላ መምህርቷ እንድትነግርላት ለመነቻት። ከእኔ ከሰማችው ለማጽናናት ያልኩት ይመስላታል አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው በየበኩሉ ያወራዋል። ሰፊዋ በቀጥታ ወደ ጎሚስታው ሄደች። ሰውዬው ሲያያት እንደ ልማዱ አንገቱን ደፋ። ሳትረግመው ስትቀር ግን ቀና አለ፤ ተነስቶም በርጩማውን ለቀቀላት። ምን እንደተነጋገሩ የሰማ የለም። በማግስቱ የጤና ቢሮ ሄዳ፣ በሰው ፊት፣ ልጄን የገደለው ምድጃዬ እንጂ ነርሱ አይደለም አለች። የቢሮው ሰዎች አዘኑላት፣ ወንበር ሰጧት፤ ግን ሰውዬው የተባረረው በሽተኛ ጥሎ በመተኛቱ ስለሆነ ውሳኔው እንደማይለወጥ ነገሯት። ከተማውም የለመደውን አልተወም። አንዳንዱ ሐዘኑ አእምሮዋን አናጋው አለ፤ አንዳንዱ ጎሚስታው አስደግሞባት ነው አለ። ሰውዬው ብዙም ሳይቆይ የጎማ መጠገኛውን ዘግቶ ከከተማ ሲወጣ ደግሞ፣ ጥፋተኛ ባይሆን ለምን ይሄዳል አሉ።

ለርዕሰ መምህሩ፣ ተማሪዎች ወደ ጤና ጣቢያ ዳግመኛ እንዳይሄዱ ትእዛዝ ደረሰው። እሱም ለመምህርቷ ሲነግራት አልቀለደም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሕፃኑ በሞተበት ክፍል ያለው ሁለተኛው ሶኬት ተነቅሎ ቀዳዳው በሲሚንቶ ተደፈነ። ከዚህ ሁሉ የተገኘው ጥቅም እሱ ነው።

ሰፊዋና ልጇ አንድ ቤት እየኖሩ መተያየት አቃታቸው። አልተጣሉም። እናት ጥፋቱ የኔ ነው ስትል ልጅ የኔ ነው ትላለች፤ ሁለቱም አይለቁም፤ እንጀራ ለመቁረስ እንኳ ተራ ይጠብቃሉ። የስፌት መኪናው ድምፅ ከቤቱ መሰማት ቀረ። በመጨረሻ እናቲቱ ልጅቷን ሌላ ከተማ ላለች እኅቷ ልትሰጣት ወሰነች።

መምህርቷ መኪና ተራ ድረስ ሸኘቻት። እናቲቱ አልመጣችም፤ ከበሩ መውጣት አቃታት። ልጅቷ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ረዳቱ ተሳፋሪ ይጠራል። መምህርቷ የእናቷን መልእክት ከዚያ በፊት ደጋግማ ነግራታለች፤ አሁን ሌላ የምትለው አልነበራትም።

«መምህር» አለች ልጅቷ። «አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ያሳዩን ነበር?»

መምህርቷ አዎ ልትል ፈለገች። ያቺን ልጅ ግን ዋሽታት አታውቅም።

«አላሳያችሁም ነበር» አለቻት። «ሽቦውን ወደ ክፍል አላመጣውም ነበር።»

ልጅቷ እንደ ክፍል ውስጥ ልማዷ ቅንድቧን ሰብስባ አሰበችበት። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

«ታዲያ ጎሚስታውስ እንደተረገመ ይቀር ነበር?» አለች።

መምህርቷ መስኮቱን ይዛ ከአውቶቡሱ ጎን ጥቂት እርምጃ ተራመደች። ስትለቀው አውቶቡሱ ከመኪና ተራው እየወጣ ነበር።